አምባሩ ሳይቀድም

የፋብሪካው ጥበቃ «እንዴት አደሩ?» ሲላት ናርዶስ ይልማ ቀኝ እጇን ዘረጋችለት።

ሰውየው ልትጨብጠው መስሎት በሁለት እጁ ያዛት። «ቤተሰብ ደህና? መንገዱስ እንዴት ነበር? ኮምቦልቻ ተስማማዎት?» አለና መልሱን እስኪሰማ እጇን ሳይለቅ ቆመ። ናርዶስ ግን የዘረጋችው አምባሯን እንዲያይላት ነበር። አምባሩ አረንጓዴ ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን ሰላምታው እዚያ ላይ ያልቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ከሰማች ዓመታት አልፈዋል። የከለከለ የለም፤ ሰው ራሱ ተወው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን እጅ ያያል። አረንጓዴ ከሆነ ያልፋል፣ ቢጫ ከሆነ «አይዞህ» ይላል፣ ቀይ ከሆነ መንገድ ይቀይራል፤ ቀይ ሰው አጠገብ የቆመ ሰው አምባርም መቅላቱ አይቀርምና። አምባሩ ቀልቶ ሳለ በአፉ «ደህና ነኝ» ያለ ሰው፣ የጤና መድን ሰጪው ፊት የሐሰት ቃል እንደ ሰጠ ይቆጠራል። ልጆች ቃሉን የሚሰሙት ከአያቶቻቸው ብቻ ነው።

«ደህና» አለች ናርዶስ በመጨረሻ። ቃሉ አፏ ውስጥ እንግዳ ሆነባት።

«ተመስገን!» አለ ጥበቃው፣ እጇንም ለቀቀ።

የመጣችው ፋብሪካውን ልትመዝን ነው። ፋብሪካው የክትባት ብልቃጥ ይሠራል። ብልቃጡን የሚገዙት የውጭ ኩባንያዎች ካለፈው ዓመት ጀምሮ በተጨነቀ እጅ የተነካ ዕቃ አንረከብም ብለዋል፤ ስለዚህ ፋብሪካው «እርጋታ» የተባለው የሠራተኞች ደኅንነት መርሐ ግብር አባል መሆን አለበት። እርጋታ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አይቀበልም። አስቀድሞ መዛኝ ይልካል። መዛኟ ለሠራተኛው ሁሉ አምባር ታስራለች፣ አንድ ፈረቃ ሙሉ ትከታተላለች፣ ፈረቃው ሲያልቅ «ዝግጁ ነው» ወይም «ዝግጁ አይደለም» ብላ ትወስናለች። ድካሙን ማን እንዳመጣው እርጋታ ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቀው ማን ላይ እንደታየ ነው። ናርዶስ በዚህ ሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጎበዝ መዛኝ ናት ይሏታል።

ሥራ አስኪያጁ ዳግማዊ ወንድወሰን በር ላይ ጠበቃት። እሱ አምባር ያሰረው ቀድሞ ነው፤ ሸሚዙን እስከ ክርኑ የሚጠቀልለውም አረንጓዴው እንዲታይ ነው። መጀመሪያ የወሰዳት ወደ ማረፊያ ክፍሉ ነበር። ወለሉ የፕላስቲክ ሣር ነው። ከጣሪያው የወፍ ድምፅ ይወርዳል።

«ወፎቹ የዚሁ ግቢ ናቸው» አለ በኩራት። «ክፍሉ ያረፈበት ቦታ ላይ ትልቅ ዛፍ ነበር። ከመቆረጡ በፊት ነው የቀዳናቸው።»

«ጥሩ ነው» አለች ናርዶስ፣ በያዘችው የምዘና ሰሌዳ ላይም ምልክት አደረገች።

«የሳቅ ደቂቃም ጀምረናል፤ ከምሳ በፊት። መጀመሪያ ላይ እያፈሩ አስቸግረውን ነበር። ከደመወዝ ጋር ስናያይዘው ግን በጣም ጥሩ አድርገው ይስቃሉ።»

እዚህም ላይ ምልክት አደረገች።

አምባሮቹ የታሰሩት የምርመራ አዳራሹ ውስጥ ነው። እዚያ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ብልቃጡን በመብራት ፊት እያሽከረከሩ ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ማሽን ስንጥቁን ሳያየው ያልፋል፤ ለዚህ ሥራ የሰው ዓይን ይሻላል ይባላል። የፈረቃ ኃላፊው እንድሪስ፣ ሸበቶ ረጅም ሰውዬ፣ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ እየጠራ አቀረባቸው። ብዙዎቹ ሴቶች ዓይናቸው አብጧል። አንዲት ሴት ብቻ ፊቷ ብሩህ ነበር። አምሳውን ያለፈች፣ ጥርሷ ፈገግታ የለመደ፣ ወፈር ያለች ሴት ናት። አምባሩ ሲታሰርላት እጇን ወደ መብራቱ አንስታ አገላበጠችው።

«ሟቹ ባሌ፣ አላህ ይማረውና፣ በሃያ ዓመት አንድ አምባር አላደረገልኝም። ኩባንያው ይኸው በአንድ ቀን!»

አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ከቀልዱ በላይ ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ሳቁ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ጎንበስ ብለው ብልቃጣቸውን መቁጠር ጀመሩ። ናርዶስ የሴትዮዋን ስም አየች፤ ዘሀራ ሙህዬ።

ሥራው እንደ ተጀመረ የናርዶስ ሰሌዳ ላይ አዳራሹ በነጥብ ተሞላ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሰው ነው። መጀመሪያ ሁሉም ቢጫ ነበሩ፤ እንግዳ መሣሪያ ያሰረ ሰው ሁሌም ለጊዜው እንዲህ ይሆናል። ጥቂት ቆይቶ ግን የመሃሉ ረድፍ ቀላ። ቀዩ እየሰፋ ሄደ። እምብርቱ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ አረንጓዴ ሆና ቀረች፤ ዘሀራ። ዘሀራ ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ስትሄድ ቀዩ አብሯት ሄደ። ጥላቸው የሄደቻቸው ሴቶች ቢጫ ሆኑ፤ ያለፈችባቸው ቀሉ። ስትመለስም እንዲሁ።

ናርዶስ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ሰሌዳው ግን የሚጠፋው ነገር የለም። «የጭንቀት ምንጭ ተለይቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ከሥሩ የዘሀራ ፎቶግራፍ።

«ዘሀራ?» አለ ዳግማዊ፣ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ። «የማይሆን ነው። ዘሀራ እኮ የዚህ ቤት እናት ናት። ሠርግ ሲሆን እሷ፣ ወሊድ ሲሆን እሷ። ሰው ሁሉ ይወዳታል።» ትንሽ አሰበ። «ግን መሣሪያው ካለ፣ ዛሬውኑ እናሰናብታታለን። ለምዘናው የሚረዳ ከሆነ ማለቴ ነው።»

«አስቀድሜ ላነጋግራት» አለች ናርዶስ። ደንቡ ነው። ምንጭ ተብሎ የተለየ ሰው በፈረቃው መጨረሻ ላይ ምክንያቱን አምባሩ ይነግረዋል። የማወቅ መብት ይሉታል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘ ነገር ሊደበቅበት አይገባም ተብሎ የወጣ ነው። እስከዚያው ምክንያቱን መዛኟም ትፈልጋለች፣ እርጋታም በበኩሉ ይፈልጋል።

ዘሀራ የማረፊያ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች።

«አያስፈልግም፣ እትዬ ዘሀራ።»

«ሣር አይደል?» አለች፣ በእግሯ ጣት ነካ አድርጋው። «ኧረ ይኼስ ይዋጋል!» ጫማዋን መልሳ አጠለቀችና ተቀመጠች። «ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ምንም። ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

«ስንቴ! ለይላን ባለፈው ሳምንት አንገቷን ላንቃት ነበር፤ ስኳሬን ጨረሰችብኝ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ እንጃ ምን እንደ ነካቸው። አንዷ ውሃ ታቀርብልኛለች፣ አንዷ ወንበሬን ታመቻችልኛለች። ለይላ ስኳር በኪሎ ገዝታ መጣች። እንዲህ ሲያቀማጥሉኝ ሞቼ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ነካ ነካ አደረግሁ።» ከት ብላ ሳቀች። አምባሯ አረንጓዴ ነው።

«ቤት ውስጥ የሚያሳስብዎ ነገርስ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንድ ልጅ አለኝ፣ አንዋር። ሰመራ የፀሐይ ማሳው ላይ ነው የሚሠራ፤ እነዚያን መስተዋቶች ሲጠርግ ይውላል። የፀሐይ እረኛ እለዋለሁ። ‹እማ፣ ፀሐይን ይሸሿታል እንጂ አያግዷትም› ይለኛል። ለአረፋ ይመጣል።» ወደ በሩ አየች። «ትናንት ማታ ሳይደውልልኝ አደረ። ጠዋት ልደውልለት ስል ደግሞ አያ እንድሪስ ስልኬን ወሰደው። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ላሠራልሽ ብሎ። እኔ ተቆራርጦብኝ አያውቅም። ይኸው ከፈጅር ጀምሮ አልመለሰልኝም።»

ናርዶስ ዘሀራን ወደ ሥራዋ መለሰቻት።

ስልክ ከሰው እጅ በደግነት ሲወሰድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ልጅ ሆና የጎረቤታቸው የወይዘሮ አልማዝን ስልክ አባቷ «ባትሪው ታሟል» ብሎ ሲወስደው፣ እናቷ ለብቻዋ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ ስትይዝ አይታለች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ ሁሉ እግሩን ሳያሰማ ሄዶ የወይዘሮ አልማዝን በር አንኳኳ። መርዶ ነበር። ያኔ ሰው የሞተበትን ሰው በብቸኝነቱ ላይ አይነግሩትም ነበር። ወንድም ይጠበቃል፣ እህት ትጠራለች፣ የሚይዝ ክንድ ይዘጋጃል፤ እስኪነጋ ድረስ የሚያውቀው ሁሉ በሆዱ ችሎ ይስቃል።

የራሷን ነገር አሰበች። አባቷ የሞተ ዕለት አሳንሰር ውስጥ ነበረች፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር። አምባሯ ነዘር አደረጋት። «ውድ ናርዶስ፣ አባትዎ አቶ ይልማ ዛሬ አርፈዋል። ከጎንዎ ነን። አሁን አብረን በጥልቀት እንተንፍስ።» ተነፈሰች። አብረዋት የነበሩት ሰዎች መቅላቷን አይተው ወደ አሳንሰሩ ጥግ ሸሹ። በሩ ሲከፈት አምባሯ ወደ አረንጓዴ ተመልሷል፤ ወደ ስብሰባዋም ገባች። ለቅሶው ላይ እንኳ አላለቀሰችም። እርጋታ ለዚያ ሳምንት የምስክር ወረቀት ልኮላታል።

እንድሪስን ያገኘችው ከአዳራሹ ውጪ፣ የብልቃጥ ካርቶን በተቆለለበት መተላለፊያ ላይ ነው።

«አቶ እንድሪስ፣ ልጁ መቼ ነው የሞተው?»

ሰውየው ካርቶኑን ተደግፎ ቆመ። አልዋሸም። «ትናንት ማታ። ሙቀቱ ነው አሉ። አብሮት የሚሠራ ልጅ ነው ለእኔ የደወለው፤ የቅሬ ዳኛ እኔ ስለሆንሁ።» ቅሬ የሚሉት የሰፈሩን የመቀባበሪያ ማኅበር ነው። «ጀናዛው ዛሬ ማታ ይገባል። ወንድሟ ከጅዳ ተሳፍሯል፣ ሌሊት ይደርሳል። ሱብሂ እንደ ሰገድን እንነግራታለን።»

«ታዲያ ሥራ ለምን አመጣችኋት?»

«ብናስቀራት ትጠረጥራለች። ቤት ብትውል ደግሞ አንዷ ጎረቤት ዓይኗን አይታ ታለቅስባታለች። እዚህ አጥሩ እኛ ነን። ያንን ሁሉ ሴት አየሽው? ሌሊቱን ሲያለቅሱ አድረው ነው፤ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ እያሳቋት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ አንቺም የሰው ልጅ ነሽ። እስከ ነገ ቻይው።»

«እኔማ እችለዋለሁ» አለች ናርዶስ። ሰሌዳዋ ያን ጊዜ ነዘረ።

እርጋታ ምክንያቱን አግኝቷል። የሰመራ የሞት መዝገብ ጠዋት ተሞልቷል፤ እርጋታ የአባላቱንም የእጩ አባላቱንም የቤተሰብ ሁኔታ ያያል። መልእክቱ ተዘጋጅቶ፣ ሰዓቱ ተቆርጦለት፣ ከዓይኗ ፊት ቆመ።

«ውድ ዘሀራ፣ ልጅዎ አንዋር ትናንት ሕይወቱ አልፏል። ባልደረቦችዎ ይህን በማወቃቸው ምክንያት ተጨንቀዋል፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ከጎንዎ ነን። አሁን አብረን በጥልቀት እንተንፍስ።»

ፈረቃው የሚያልቀው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ናርዶስ እንድሪስን ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች።

ዳግማዊ ሲነገረው ወንበሩ ላይ ዝርግፍ አለ። አንዋርን ያውቀዋል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚሁ ካርቶን ይሸከም ነበር። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«አንተማ አምባር አለህ፣ ጌታዬ» አለ እንድሪስ። « እሱ ይነግርሃል ብለን።»

ዳግማዊ እንደ ተሰደበ ሰው ፊቱ ቀላ፤ አምባሩም አብሮት ቢጫ ሆነ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ተቆጣ። «እሺ፣ እኔ ልጠይቃችሁ! ይኼ ደግነት ነው? ልጇ ሞቶ ስኳር ታቀምሷታላችሁ! ሰባ ሰው የሚያውቀውን እሷ ብቻ አታውቅም። በቀልድ ታስቋታላችሁ፣ ነገ ያን ሳቋን ስታስታውሰው ምን ትላለች? እናት ናት። የማወቅ መብት አላት።»

«መብቷን ማን ነካባት? ትሰማለች» አለ እንድሪስ። «ስትሰማ ትወድቃለች። የወደቀ ሰው ይያዛል። ይኼ አምባር የሚይዝበት እጅ አለው ወይ?»

«አምባሩን ከእጇ ብንፈታስ?» አለ ዳግማዊ፣ ወደ ናርዶስ ዞሮ።

«መልእክቱ ወደ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ ይዞራል።»

«ላጥፋው ቢሉስ?»

«አይጠፋም። ሕጉ እኔንም አይፈቅድልኝም።» ናርዶስ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አንድ መንገድ ብቻ አለ። ምዘናውን አሁን ዘግቼ ‹ዝግጁ አይደለም› ካልሁ አምባሮቹ ይፈታሉ፣ የተሰበሰበው ሁሉ ይሰረዛል፣ መልእክቱም አብሮ። እርጋታ አባል ያልሆነን ሰው አያጽናናም።»

 የቀረውን መናገር አላስፈለጋትም፤ ሦስቱም ያውቁታል። የወደቀ ፋብሪካ እስከሚቀጥለው ዓመት አይመዘንም። ገዢዎቹ እስከዚያ አይጠብቁም። የሌሊት ፈረቃው ይዘጋል፤ የቀኑም ይቀነሳል።

«አያደርጉትም» አለ ዳግማዊ። «ለአንዲት ሴት አንድ ሌሊት ብለው የአራት መቶ ሰው እንጀራ አይደፉም። ነገ የማይቀር መርዶ ነው! ያው መርዶ ነው እኮ!»

«ያው አይደለም» አለች ናርዶስ።

«እርስዎ በምን ያውቃሉ?»

«ለእኔ የነገረኝ ይኼ ነው» አለች፣ አምባሯን እያሳየችው።  ድምፅዋ ከፍ ብሎ ወጥቶ ነበርና ራሷንም አስደነገጣት። «አሳንሰር ውስጥ። ሰው አልነካኝም። እስከ ዛሬ ማንም አልነካኝም።» አምባሯ ወደ ቢጫ ሄደ። ሸፈነችው። ከዚያ ለእንድሪስ፣ «እንጀራው የእኔ አይደለም» አለችው። «የእናንተ ነው። ጠይቋቸው።»

እንድሪስ ወጣ። ናርዶስ ሰሌዳው ላይ ነጥቡን ተከተለችው። በረድፎቹ መሃል እየቆመ ሲሄድ፣ የቆመበት ቦታ ሁሉ ለአፍታ ይቀላና ይበርዳል። ሰው ጎንበስ ብሎ በጆሮው ሲሰማ፣ ቀና ብሎ ሲመልስ ነው ይኼ። ዘሀራ ወደ ተቀመጠችበት ረድፍ ሲደርስ ዞሮ አለፈ። ዳግማዊ ሰሌዳውን አላየም፤ በመስኮት ወደ ማረፊያ ክፍሉ ያይ ነበር።

እንድሪስ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ።

«ሌሎቹ ‹ይዘጋ› አሉ። ለይላን በመጨረሻ ነው የጠየቅኋት» አለ። «መጨረሻ የተቀጠረች እሷ ናት፤ መጀመሪያ የምትቀነስም እሷ ናት። ሦስት ልጅ አላት።»

«ምን አለች?»

«‹ነገ በእኔስ ሲደርስ?› አለች።»

ናርዶስ «ዝግጁ አይደለም» የሚለውን ነካች። ሰሌዳው ምክንያት ጠየቃት። ራሱ ከሚያቀርባቸው መምረጥ አለባት፤ በራስ ቃል መጻፍ አይቻልም። አመራሩ ቁርጠኛ አይደለም የሚል አለ። ቦታው አይበቃም የሚል አለ። ሠራተኞቹ መረጃ ይደብቃሉ የሚልም አለ። ይህን የመጨረሻውን መረጠች። ስድስት ዓመት ከጻፈችው ሁሉ እውነቱ ይህ መሰላት።

«ስምሽን እየጠራን እንራባለን» አለ ዳግማዊ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ። አክብሮቱን ጥሎት ነበር። እሷም አልፈረደችበትም።

አዳራሹ ውስጥ አምባሮቹ በአንድ ጊዜ ቀጭ ብለው ተከፈቱ፤ ግማሾቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ግማሾቹ ወለል ላይ ወደቁ። ናርዶስ ልትሰበስባቸው ስትገባ ዘሀራ የራሷን ከመሬት እያነሳች ነበር።

«ምን ሆነ? ወደቅን እንዴ?»

«ወደቅን» አለ እንድሪስ።

ያን ጊዜ ለይላ ማልቀስ ጀመረች። ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ነው፤ ሰበብ አገኘና ወጣ። ሌላዋም ቀጠለች፣ ሌላዋም። አዳራሹ ሙሉ ሴት በጋዋኑ እጅጌ ዓይኑን እየጠረገ ተንሰቀሰቀ። ዘሀራ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ከወንበሯ ተነስታ ለይላን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።

«አብሽሪ! ምን ሆነሻል? ለፈተና እንዲህ ይለቀሳል?» ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። «ሥራ ቢሄድ ሥራ ይመጣል። አብሽሩ እናንተ! አንዋሬ ደመወዝ ሲቀበል ስኳር በጆንያ አስመጣላችኋለሁ።»

ከረድፍ ወደ ረድፍ እየሄደች አጽናናቻቸው። አንዷን ግንባሯን ሳመቻት፣ አንዷን ተቆጣቻት፣ አንዷን አሳቀቻት። ናርዶስ አምባሮቹን በሳጥን እየሰበሰበች እሷ ጋ ስትደርስ ዘሀራ የራሷን እላዩ ላይ አኖረችና «አንቺም አትዘኚ፣ ልጄ። ሥራሽ ነው» አለቻት።

ናርዶስ ያን ዕለት ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰችም። ከመሥሪያ ቤቷ «በአስቸኳይ ቀርበው ያስረዱ» የሚል መልእክት መጣ። አልመለሰችም።

ጎህ ሊቀድ ሲል የዘሀራ ሰፈር በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ድምፅ ግን የለም። ከመስጊድ የወጡት ወንዶች ከፊት ቆሙ። ከጅዳ የመጣው ወንድም፣ የመንገዱ ልብስ ገና ከላዩ ያልወለቀ፣ በእንድሪስ ክንድ ተይዟል። ሴቶቹ ከኋላ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተጠጋግተዋል። ከመንገዱ ዳር ዳግማዊ የፋብሪካውን ወንበሮች ከጭነት መኪና ላይ እያወረደ፣ እንዳይንኳኳ አንድ በአንድ መሬት ላይ ያኖራል። ናርዶስን አየና ወንበሩን ማውረዱን ቀጠለ።

እንድሪስ ወደ ናርዶስ ጠጋ አለ። «ልጄ፣ እጅሽ» አለ በሹክሹክታ።

አምባሯ በጨለማው ውስጥ ቀይ ያበራል። በመስኮቱ በኩል ይታያል።

ለስድስት ዓመት ከእጇ አውልቃው አታውቅም። ስትፈታው ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጥቶ፣ ሳስቶ፣ የሌላ ሰው ቆዳ መስሎ ታያት። በሩ ላይ ሰው ሁሉ ጫማውን ያወልቅ ነበር። እሷም አወለቀች፤ አምባሩንም በጫማዋ ውስጥ አደረገችው።

እንድሪስ አንኳኳ።

«ማነው በዚህ ሌሊት?» አለች ዘሀራ ከውስጥ። ሻሿን እያሰረች ከፈተች። እንድሪስን አየች። ወንድሟን አየች፤ ጅዳ ነው ያለው ብላ የምታስበውን ወንድሟን። ከኋላው ለይላን አየች፣ ከለይላ ኋላ ሰፈሩን።  መናገር የሚያስፈልግ አልነበረም፤ በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የቆመ ሰው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አንዋሬን?» አለች።

ስትወድቅ መሬት አልደረሰችም። ወንድሟ በአንድ በኩል፣ ለይላ በሌላ በኩል ያዟት፤ ከኋላ ደግሞ ያ ሁሉ እጅ ደረሰ። ጩኸቷ ሲወጣ ብቻውን አልወጣም። ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ጮኸ።

ናርዶስ በሰው ተገፍታ ወደ ውስጥ ገባች። አንዲት የማታውቃት አሮጊት ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻትና፣ «አንቺስ ማን ሞተብሽ?» አለቻት፤ እዚህ ለቅሶ ላይ ማንም ሰው የራሱንም ሰው እንደሚያለቅስ የታወቀ ነውና።

«አባቴ» አለች ናርዶስ።  አሮጊቷ ጭንቅላቷን ወደ ጭኗ ሳበቻት፣ እሷም እርሟን አወጣች።

ውጪ፣ ከጫማው ክምር መሃል፣ የናርዶስ አምባር የልብ ምት ፈለገ። አላገኘም። ብርሃኑን ከቀይ ወደ ነጭ ቀይሮ፣ በዚያ በተለመደው ለስላሳ ድምፁ፣ «ደህና ነዎት?» አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ጠየቀ። የሚመልስለት አልነበረም፤ ሁሉም ሰው ውስጥ ነው።